ኢሚውኖቴራፒ ለተሰራጨ ሜላኖማ

ኢሚውኖቴራፒ በሽታን የሚከላከለውን የሰውነት ሥርዓት በማንቀሳቀስ ካንሰርን የማከም ዘዴ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው አዳዲሶቹ የኢሚውኖቴራፒ መድኃኒቶች መጀመሪያ በጸደቁለት በሽታ፣ ማለትም ከቆዳ ተነሥቶ ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች በተዛመተ ሜላኖማ ላይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 2010 ድረስ ሜላኖማው ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አንጎል ከተዛመተባቸው ታማሚዎች መካከል ከአራቱ ሦስቱ ያህል አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በአንድ ትልቅ ጥናት ግን ሁለት የኢሚውኖቴራፒ መድኃኒቶችን አጣምረው ከወሰዱት መካከል 43 በመቶው ከ10 ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ። ይህን ለውጥ ያመጡት መድኃኒቶች የካንሰርን ሕዋስ በቀጥታ አይገድሉም። የሚሠሩት የሰውነትን ተከላካይ ሕዋሳት የሚይዘውን ፍሬን በማንሣት ነው። የሕክምናው ጥቅምም ጉዳትም የሚመነጨው ከዚሁ ፍሬን ነው።

ሜላኖማ ምንድን ነው?

ሜላኖማ የሚነሣው ሜላኖሳይት ከሚባሉት ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን ያመርታሉ። ሜላኖማ ከሌሎቹ የቆዳ ካንሰሮች በቁጥር ያነሰ ቢሆንም ወደ ሌላ አካል የመዛመት ኃይሉ ግን የከፋ ነው። ነጭ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ዋናው መንሥኤ ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው።

በሽታው አዲስ ጥቁር ነጥብ ሆኖ፣ ወይም በተለምዶ «ማርያም የሳመችው» ከሚባለው ምልክት ተነሥቶ ሊታይ ይችላል። የሚያጠራጥሩ ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦

- የነጥቡ ሁለት ግማሾች የማይመሳሰሉ ከሆነ፣
- ጠርዙ ወጣ ገባ ወይም የተበተነ ከሆነ፣
- ቀለሙ አንድ ወጥ ካልሆነ፣
- ስፋቱ ከ6 ሚሊሜትር ከበለጠ፣
- በመጠን፣ በቅርፅ ወይም በቀለም እየተለወጠ ከሄደ፣ ወይም መድማት ከጀመረ።

ሐኪሙ ነጥቡን ቆርጦ ናሙናውን ለፓቶሎጂ ምርመራ ይልካል። በምርመራው ካንሰሩ ወደ ቆዳው ውስጥ የዘለቀበት ጥልቀት በሚሊሜትር ይለካል። ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ሜላኖማ ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብቻ ይድናል። ጥልቀቱ በጨመረ መጠን ካንሰሩ በአቅራቢያው ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች የመድረስ ዕድሉ ይጨምራል፤ ይህ ሦስተኛው ደረጃ ነው። ወደ ሩቅ አካላት ሲዛመት አራተኛው ደረጃ ይባላል። «የተሰራጨ ሜላኖማ» ሲባል አራተኛውን ደረጃ፣ እንዲሁም በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ሊወጣ የማይችለውን ሦስተኛ ደረጃ ያጠቃልላል።

የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን ለምን አያጠፋውም?

ቲ-ሕዋሳት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በቫይረስ የተያዙ ወይም የተበላሹ ሕዋሳትን እየለዩ ይገድላሉ። አንድ ቲ-ሕዋስ ወደ ሥራ ለመግባት ሁለት ምልክቶች ያስፈልጉታል። አንደኛው እንግዳ የሆነ የፕሮቲን ቁራጭ ማየቱ ነው። ሁለተኛው «ቀጥል» የሚል የማረጋገጫ ምልክት ሲሆን፣ ሲዲ28 በሚባል በገጹ ላይ ባለ ፕሮቲን አማካይነት ይደርሰዋል።

ይህ ኃይል ገደብ ባይኖረው ኖሮ ቲ-ሕዋሳት ጤነኛውን አካል ያጠቁ ነበር። ስለዚህ ሰውነት ፍሬኖች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ለዚህ ሕክምና መሠረት ናቸው።

የመጀመሪያው ሲቲኤልኤ-4 ይባላል። ቲ-ሕዋሱ ከነቃ በኋላ ይህ ፕሮቲን በገጹ ላይ ይወጣና የማረጋገጫውን ምልክት ከሲዲ28 ይሻማል፤ በዚህም ሕዋሱን ያበርደዋል። በዋናነት የሚሠራው ቲ-ሕዋሳት በሚነቁበት በሊምፍ ዕጢ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ፒዲ-1 ይባላል። ይህ ፍሬን ይበልጥ የሚሠራው ውጊያው በሚካሄድበት ቦታ ነው። ፒዲ-ኤል1 ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ቲ-ሕዋሱ ይዳከማል። ጤነኛ ሕዋሳት ይህን ፕሮቲን ራሳቸውን ከጥቃት ለማዳን ይጠቀሙበታል። ብዙ የካንሰር ሕዋሳትም ይህንኑ ፕሮቲን በገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ስለዚህ ዕጢው ውስጥ የገቡ ቲ-ሕዋሳት ካንሰሩን ለይተው ካወቁት በኋላም እንኳ ሳይመቱት ይቀራሉ።

ሜላኖማ ለዚህ ሕክምና የተመቸበት ምክንያት አለ። የፀሐይ ጨረር በሜላኖማ ሕዋሳት ዘረመል ላይ እጅግ ብዙ ለውጦችን ይፈጥራል። ከተለወጠው ዘረመል የተለወጡ ፕሮቲኖች ይሠራሉ፤ እነዚህም ለቲ-ሕዋሳት እንግዳ ሆነው ይታያሉ። እንግዳ ምልክቱ ሲበዛ ፍሬኑ በተነሣ ጊዜ የሚመታው ዒላማም ይበዛል።

ታሪክ

የሰውነትን መከላከያ ለካንሰር ሕክምና የመጠቀም ሐሳብ አዲስ አይደለም። የኒው ዮርኩ ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ኮሊ አንዳንድ ዕጢዎች ኃይለኛ የቆዳ ኢንፌክሽን ከያዛቸው በኋላ ሲጠፉ መታየታቸውን መዝግበው፣ በ1891 ሆን ብለው ባክቴሪያ ለካንሰር ታማሚዎች መውጋት ጀመሩ። አንዳንድ ታማሚዎች ተሻላቸው፤ ውጤቱ ግን የሚተነበይ አልነበረም፣ አደጋውም ከባድ ነበር። የጨረር ሕክምናና ኬሞቴራፒ ሲስፋፉ ዘዴው ተተወ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለተሰራጨ ሜላኖማ ዋናው መድኃኒት ዳካርባዚን የተባለው ኬሞቴራፒ ነበር፤ ዕድሜ እንደሚያራዝም ግን በጥናት አልተረጋገጠም። በ1998 በአሜሪካ ለዚሁ በሽታ የጸደቀው ኢንተርሊዩኪን-2 ቲ-ሕዋሳትን የሚያበዛ ንጥረ ነገር ነው። ዕጢው የሚቀንስላቸው ታካሚዎች 16 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ስለሚያወርድ የሚሰጠው በቅርብ ክትትል ነበር። ሆኖም ሙሉ በሙሉ ከዳኑት ጥቂቶች አብዛኞቹ ለዓመታት በጤና መቆየታቸው ተመራማሪዎችን ተስፋ ሰጣቸው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ጥያቄው ሲገለበጥ ነው። ቲ-ሕዋሳትን ይበልጥ ከመግፋት ይልቅ የያዛቸውን ነገር ማንሣት ይቻላል ወይ? ጄምስ አሊሰን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ምርምር ሲቲኤልኤ-4ን የሚዘጋ ፀረ እንግዳ አካል በአይጦች ላይ ያሉ ዕጢዎችን እንደሚያጠፋ በ1996 አሳተሙ። በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቻቸው ፒዲ-1ን በ1992 አግኝተው፣ በኋላም የፍሬን ሥራ እንዳለው አሳዩ። አሊሰንና ሆንጆ የ2018ን የኖቤል ሽልማት በሕክምና ዘርፍ ተጋርተዋል።

ሲቲኤልኤ-4ን የሚዘጋው ኢፒሊሙማብ በ676 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2010 ታተመ። መድኃኒቱን ከወሰዱት ግማሽ ያህሉ ከ10 ወር በላይ ሲኖሩ፣ ለንጽጽር የሙከራ ክትባት ብቻ በተሰጣቸው ዘንድ ይኸው ጊዜ 6 ወር ተኩል ገደማ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ታካሚዎቹ ለረጅም ጊዜ ሲከታተሉ ከአምስቱ አንዱ ያህል ከሦስት ዓመት በላይ እንደኖረ፣ ከዚያ በኋላም በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር በጣም እንደቀነሰ ታየ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኢፒሊሙማብን በመጋቢት 2011 አጸደቀ።

ፒዲ-1ን የሚዘጉት ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ በ2014 ተከተሉ። በነሐሴ 2015 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር፣ በ90 ዓመታቸው፣ ሜላኖማ ወደ ጉበታቸውና ወደ አንጎላቸው እንደተዛመተባቸው በይፋ ተናገሩ። ቀዶ ሕክምና፣ የጨረር ሕክምናና ፔምብሮሊዙማብ ከተሰጣቸው በኋላ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ምርመራው በአንጎላቸው ውስጥ ካንሰር አለማሳየቱን ገለጹ። ያረፉት በታኅሣሥ 2024፣ በ100 ዓመታቸው ነው። ብዙ ሰው ስለዚህ ሕክምና መጀመሪያ የሰማው በእርሳቸው ታሪክ ነበር።

ዋና ዋናዎቹ መድኃኒቶች

- ኢፒሊሙማብ (የንግድ ስሙ ይርቮይ)፦ ሲቲኤልኤ-4ን ይዘጋል። ዛሬ በአብዛኛው የሚሰጠው ከኒቮሉማብ ጋር ተጣምሮ ነው።
- ፔምብሮሊዙማብ (ኪትሩዳ) እና ኒቮሉማብ (ኦፕዲቮ)፦ ፒዲ-1ን ይዘጋሉ። ለብቻቸውም ይሰጣሉ።
- ሬላትሊማብ ከኒቮሉማብ ጋር (ኦፕዱአላግ)፦ ሬላትሊማብ ላግ-3 የሚባለውን ሦስተኛ ፍሬን ይዘጋል። ጥምረቱ በ2022 በአሜሪካ ጸድቋል።
- ቲ-ቬክ፦ በላብራቶሪ የተለወጠ የሄርፒስ ቫይረስ ሲሆን በቀጥታ ዕጢው ውስጥ ይወጋል። በ2015 ጸድቋል፤ የሚያገለግለው በመርፌ ሊደረስባቸው ለሚችሉ ዕጢዎች ነው።
- ሊፊሉሴል፦ ከታማሚው ዕጢ የተወሰዱ ቲ-ሕዋሳት በላብራቶሪ በብዛት ተራብተው መልሰው የሚሰጡበት ሕክምና ነው። በ2024 በአሜሪካ የጸደቀው ሌሎች ሕክምናዎች ላልሠሩላቸው ታማሚዎች ሲሆን፣ በጥናቱ ከሦስቱ አንዱ ያህል ዕጢው ቀንሶለታል።

ውጤቱ በቁጥር

እስካሁን ረጅም ክትትል ከተደረገባቸው ጥናቶች አንዱ ቼክሜት 067 ይባላል። በዚህ ጥናት 945 ታማሚዎች በዕጣ በሦስት ተከፍለው ታከሙ። ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ኢፒሊሙማብ ብቻ ከወሰዱት 19 በመቶ፣ ኒቮሉማብ ብቻ ከወሰዱት 37 በመቶ፣ ሁለቱን አጣምረው ከወሰዱት ደግሞ 43 በመቶ ነበሩ።

እነዚህን ቁጥሮች ከሁለቱም በኩል ማንበብ ያስፈልጋል። ከጥቂት ወራት ወደ ብዙ ዓመታት የተሸጋገሩ ታማሚዎች አሉ። በሌላ በኩል የተሻለውን ጥምረት ከወሰዱት እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በፊት ሞተዋል። አንዳንዱ ዕጢ ከመጀመሪያውም ምላሽ አይሰጥም፤ አንዳንዱ ለጊዜው ቀንሶ መልሶ ያድጋል።

ከሜላኖማ ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ብራፍ በሚባለው ጂን ላይ ለውጥ አለባቸው። እነዚህ ታማሚዎች ጂኑን የሚያጠቁ እንክብሎችንም መውሰድ ይችላሉ። እንክብሎቹ በፍጥነት ይሠራሉ፤ ካንሰሩ ግን ብዙውን ጊዜ ይለምዳቸዋል። የትኛው ይቅደም የሚለውን በመረመረ ጥናት፣ በኢሚውኖቴራፒ ከጀመሩት 72 በመቶው ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት ሲኖሩ፣ በእንክብሎቹ ከጀመሩት ግን 52 በመቶው ነበሩ።

ሕክምናው እንዴት ይሰጣል?

አብዛኞቹ መድኃኒቶች በደም ሥር በጠብታ ይሰጣሉ። ለምሳሌ ፔምብሮሊዙማብ በየ3 ሳምንቱ 200 ሚሊግራም ወይም በየ6 ሳምንቱ 400 ሚሊግራም ይሰጣል፤ አንዱ ጠብታ 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ታካሚው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፀጉርን ሙሉ በሙሉ ማራገፍና ከባድ ማስመለስ በኬሞቴራፒ እንደሚታየው የተለመዱ አይደሉም።

ከመጀመሩ በፊት የጉበት፣ የኩላሊት፣ የታይሮይድና የስኳር ምርመራ ይደረጋል። ሄፓታይተስ፣ ኤችአይቪና የሳንባ ነቀርሳም ይመረመራሉ። ኤችአይቪ በመድኃኒት በሚገባ ከተቆጣጠሩት ሕክምናውን አይከለክልም። እንደ ሉፐስ ያለ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ላለባቸው ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኩላሊት ወይም የሌላ አካል ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች ሰውነታቸው የተተከለውን አካል ሊገፋው ይችላል። መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል በሕክምናው ጊዜ እርግዝናን መከላከል ይመከራል።

ውጤቱ በሲቲ ስካን ይገመገማል። ዕጢው መጀመሪያ ላይ ትልቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይህ አንዳንድ ጊዜ ቲ-ሕዋሳት ወደ ዕጢው በብዛት በመግባታቸው ስለሚሆን፣ ታካሚው ደኅና ከሆነ ሐኪሙ ሕክምናውን ወዲያው ሳያቋርጥ ምርመራውን ሊደግም ይችላል።

የጎንዮሽ ጉዳቶች

ፍሬኑ የሚነሣው በመላ ሰውነት ላይ ነው። ስለዚህ ነፃ የወጡት ቲ-ሕዋሳት ጤነኛ አካልንም ሊያጠቁ ይችላሉ። በቼክሜት 067 ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የደረሰባቸው ኒቮሉማብ ብቻ ከወሰዱት ከአራቱ አንድ ያህሉ ሲሆኑ፣ ጥምረቱን ከወሰዱት ግን 59 በመቶው ነበሩ። በብዛት የሚጠቁት ክፍሎች የሚከተሉት ናቸው፦

- ቆዳ፦ ሽፍታና ማሳከክ። በአንዳንዶች ላይ ቆዳው እንደ ለምጽ ይነጣል። ይህም ቲ-ሕዋሳቱ ሜላኖሳይቶችን ማጥቃታቸውን ያሳያል፤ ለምጽ የወጣባቸው የሜላኖማ ታማሚዎች ሕክምናው የተሻለ እንደሚሠራላቸው ታይቷል።
- ትልቁ አንጀት፦ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ዓይነ ምድር። ካልታከመ አንጀት ሊበሳ ይችላል።
- ጉበት፦ ብዙውን ጊዜ ያለ ምልክት በደም ምርመራ ብቻ ይታወቃል።
- ሳንባ፦ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር።
- ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎች፦ የታይሮይድ መዳከም፣ የፒቱታሪና የአድሬናል ዕጢ ጉዳት፣ አልፎ አልፎም ድንገተኛ የስኳር በሽታ። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይመለሱ ታካሚው ሆርሞኑን ዕድሜ ልኩን መውሰድ ሊኖርበት ይችላል።
- ልብ፦ የልብ ጡንቻ ብግነት የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ሲደርስ ግን ገዳይ ሊሆን ይችላል።

አብዛኞቹ ጉዳቶች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይታያሉ፤ ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ከቆመ ከወራት በኋላም ሊመጡ ይችላሉ። ሕክምናቸው መድኃኒቱን ማቆየትና እንደ ፕሬድኒሶሎን ባሉ ስቴሮይዶች የሰውነትን መከላከያ ማብረድ ነው። ስቴሮይድ ያልበገረው የአንጀት ብግነት ኢንፍሊክሲማብ በሚባል መድኃኒት ሊታከም ይችላል። ይህ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ተደብቆ ያለን የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ነቀርሳው በብዛት በሚገኝባቸው አገሮች አስቀድሞ መመርመር ተገቢ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው መዘግየት ነው። ተቅማጥ የጀመረው ታካሚ አሜባ ወይም ታይፎይድ ነው ብሎ ከመድኃኒት ቤት የገዛውን ቢውጥ፣ አንጀቱን የሚያጠቁት የራሱ ሕዋሳት ስለሆኑ መድኃኒቱ አያቆማቸውም። ስለዚህ ኢሚውኖቴራፒ የወሰደ ሰው በማንኛውም ሕመም ምክንያት ወደ የትኛውም ጤና ተቋም ሲሄድ የወሰደውን መድኃኒት ስም መናገር ይኖርበታል። በጉዳት ምክንያት ሕክምናውን ያቋረጡ ብዙ ሰዎች ጥቅሙ እንዳልቀረባቸው ጥናቶች አሳይተዋል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ይቋረጥብኛል ብሎ ምልክትን መደበቅ አያስፈልግም።

ጥቁር ቆዳና ሜላኖማ

ሜላኒን ከፀሐይ ጨረር ስለሚከላከል ሜላኖማ በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ብዙም አይታይም። ሲታይ ግን በአብዛኛው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ ማለትም በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር ይወጣል። ይህ ዓይነት አክራል ሜላኖማ ይባላል። በኢትዮጵያም በስፋት የሚታወቀው ጃማይካዊ ድምፃዊ ቦብ ማርሊ በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነው።

አክራል ሜላኖማ በፀሐይ ጨረር ስለማይመጣ የዘረመል ለውጦቹ ጥቂት ናቸው። ቲ-ሕዋሳት የሚለዩት ዒላማም ስለሚያንስ ኢሚውኖቴራፒ በዚህ ዓይነት ላይ የሚሰጠው ውጤት ዝቅተኛ ነው። ከላይ የተጠቀሱት ታላላቅ ጥናቶች የተካሄዱት በአብዛኛው ነጭ ቆዳ ባላቸው ታማሚዎች ላይ በመሆኑም ቁጥሮቹን እንዳሉ ወደ አፍሪካውያን ታማሚዎች ማዛወር አይቻልም።

ስለዚህ በሽታውን በጊዜ ማወቅ ለጥቁር ሰው ይበልጥ ወሳኝ ነው። በውስጥ እግር ላይ ያለ ሜላኖማ የእሾህ ቁስል፣ ኪንታሮት ወይም የጫማ ጉዳት መስሎ ሊታለፍ ይችላል። በጥፍር ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጥቁር መስመር በጥቁር ሰዎች ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ በብዙ ጥፍሮች ላይ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ ከወጣ፣ እየሰፋ ከሄደ ወይም ጥቁረቱ በጥፍሩ ዙሪያ ወዳለው ቆዳ ከተሻገረ ግን መመርመር አለበት። በሳምንታት ውስጥ የማይድን የእግር ቁስልም እንዲሁ።

ሌሎች የቆዳ ካንሰሮች

በአፍሪካ አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ሜላኒን ስለሚያንሳቸው በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር ይጠቃሉ። በእነርሱ ላይ የሚበዛው ሜላኖማ ሳይሆን ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው ነው። ይህ ካንሰር ሲሰራጭ የሚሰጠው ሴሚፕሊማብ፣ እርሱም ፒዲ-1ን የሚዘጋ፣ በ2018 በአሜሪካ ጸድቋል፤ ከታካሚዎቹ ግማሽ ለሚጠጉት ዕጢው ይቀንሳል።

ቅድመ ቀዶ ሕክምናና ተደራሽነት

በቅርብ ዓመታት ሕክምናው ወደ ቀደሙት የበሽታው ደረጃዎች እየመጣ ነው። በ2024 በታተመው ናዲና በተባለው ጥናት፣ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችል ሦስተኛ ደረጃ ሜላኖማ ያለባቸው ታማሚዎች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኢፒሊሙማብና ኒቮሉማብ ተሰጣቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ 84 በመቶ ያህሉ በሽታው ሳይባባስ ወይም ሳይመለስባቸው ቆይተዋል፤ መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ መድኃኒት ከተሰጣቸው ግን 57 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ምክንያቱ ዕጢው በቦታው ሳለ ፍሬኑ ሲነሣ ቲ-ሕዋሳት ብዙ ዒላማ ስለሚያገኙ እንደሆነ ይታሰባል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ኒቮሉማብንና ፔምብሮሊዙማብን ለተሰራጨ ሜላኖማ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቷል። ይሁን እንጂ የመድኃኒቶቹ ዋጋ እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ በአብዛኞቹ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ታማሚዎች አያገኟቸውም። መድኃኒቱ ቢገኝም እንኳ የፓቶሎጂ ምርመራ፣ ሲቲ ስካን፣ የሆርሞን ምርመራና የጎንዮሽ ጉዳትን የሚያክም ሆስፒታል ያስፈልጋሉ። በአንጻሩ አንድን አጠራጣሪ ነጥብ ገና ስስ ሳለ ቆርጦ ለማውጣት የሚያስፈልገው የማደንዘዣ መርፌ፣ ምላጭና የሠለጠነ ሐኪም ነው።